መደጋገም ብቻውን አያሠለጥንም
ስለ ክራር ልምምድና ስለ አስተማሪ እርማት

ማታ ማታ ከራት በኋላ በመኝታ ቤቶቹ በኩል የሚያልፍ ሰው ክራር ሲመታ ይሰማል። የባኮ ማታ ሞቅ ያለ ስለሆነ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፤ ውስጥ የተመታው ሁሉ ውጭ ይሰማል። እኔም በዚያው መንገድ ስለምመላለስ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ዜማ ስሰማ ከረምኩ። ተጫዋቹ አሳምሮ ይጀምርና አራተኛው ሐረግ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። እንደገና አራተኛው ሐረግ፣ እንደገና መደናቀፍ፣ እንደገና ከሀ መጀመር።

ትጋቱን አደነቅሁ። ግን የአስተማሪ ነገር አይደል፣ ልቤ ሒሳብ መሥራት ጀመረ። በአንድ ማታ 20 ጊዜ ቢጀምር በ21 ማታ 420 ጊዜ ይሆናል። ታዲያ ይህ ሠልጣኝ 420 ጊዜ የተለማመደው ምኑን ነው? ዜማውን ነው ወይስ መደናቀፉን?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ መመለስ ነው። ጽሑፉ ክራር ለሚመቱ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ነገ ልጆች ፊት ቆመን ንባብም ሆነ ሒሳብ፣ የእጅ ሥራም ሆነ መዝሙር የምናስተምር ሁሉ የልምምድና የእርማት ጉዳይ ይመለከተናል። ክራሩን የመረጥኩት ስህተቱ በጆሮ ስለሚሰማና በዓይን ስለሚታይ ለትምህርት ይመቻል ብዬ ነው።

1. መሣሪያውን እንወቅ

እንደሚታወቀው ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው። ከታች በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው የሚነሱ ሁለት ቋሚዎች፣ ቋሚዎቹን ከላይ የሚያያይዝ ቀንበር አለው። አውታሮቹ ከገበቴው ግርጌ ተነስተው፣ ቆዳው ላይ በተቀመጠችው በርኩማ ላይ አልፈው ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። ድሮ አውታሩ ከጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚታየው ናይለን ነው።

የክራርን ጠባይ ለመረዳት ከሌላ አገር መሣሪያ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ኡኩሌሌ የምትባል አራት ክር ያላት፣ ትንሽ ጊታር የምትመስል መሣሪያ አለች። አመጣጧ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ከፖርቱጋል ደሴት ከማዴይራ ወደ ሐዋይ የተሻገሩ ሠራተኞች ይዘውት ከሄዱት የክር መሣሪያ ነው። ትንሽና ርካሽ በመሆኗ ለትምህርት ቤት ተስማማች። በካናዳ የሃሊፋክስ ከተማ ቻልመርስ ዶን የተባሉት የሙዚቃ መምህር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኡኩሌሌ አማካይነት የከተማውን ልጆች ሙዚቃ ማንበብና ማዳመጥ እንዲማሩ አድርገዋል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ትልቅ መሣሪያ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ገበቴና ቆዳ ለሚገኝበት አገር ክራር ከዚያች መሣሪያ በምን ያንሳል?

ይሁን እንጂ ሁለቱ ይለያያሉ። ኡኩሌሌ ላይ ተጫዋቹ ክሩን አንገቷ ላይ በተለያየ ቦታ በተጫነ ቁጥር ከአንዱ ክር ብዙ ድምፅ ያወጣል። ክራር ላይ ግን አንድ አውታር አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ ክራሩ በትዝታ ከተቃኘ ያሉት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ናቸው፤ ስድስተኛ አውታር ካለ ከእነዚህ አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይደግማል። ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ መልሶ መቃኘት ያስፈልጋል።

ይህ ለጀማሪ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ፣ በደንብ የተቃኘ ክራር ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ አያወጣም። ጉዳቱ፣ ያልተቃኘ ክራር ተማሪው ምንም ያህል ቢደክም ልክ የሆነ ድምፅ አይሰጠውም። በተለይም በክረምት አየሩ ሲረጥብ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ድምፁ ይወርዳል። ባልተቃኘ ክራር አንድ ወር የተለማመደ ሰው ጆሮውን አንድ ወር ሙሉ ውሸት አስተማረው ማለት ነው። ስለሆነም ከማንኛውም ልምምድ በፊት ቅኝት ይቅደም።

2. እጅ የሚማረው የተሠራበትን ነው

ክራር የሚመታበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነው። አንዱ ድርደራ ነው፤ ጣቶች አውታሩን እየነጠሉ ይመታሉ። ሌላው ግርፍ ነው፤ ቀኝ እጅ በመግረፊያ አውታሮቹን በሙሉ ይገርፋል፤ ግራ እጅ ደግሞ ከአውታሮቹ ጀርባ ሆኖ የማይፈለጉትን ያፍናል፣ የሚፈለገውን ይለቃል። በግርፍ ዜማውን የሚያወጣው የሚገርፈው እጅ ይመስለናል። እውነቱ ግን ዜማው ያለው በግራው እጅ ነው። ቀኙ ምቱን ይጠብቃል፤ የትኛው ድምፅ ይሰማ፣ የትኛው ዝም ይበል ብሎ የሚወስነው ግራው ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። አንዱ ጣት ወደ አውታሩ ሳይመለስ ሌላው ጣት ይነሳል፤ ሁለት አውታር ባንድ ጊዜ ይጮኻል። ወይም ደግሞ ጣቱ አውታሩን በመንካት ፈንታ ይጫነዋል፤ እጁ ይደክማል፣ ትከሻው ይነሳል፣ አንጓው ይደርቃል። ለማፈን ጉልበት አያስፈልግም። የጣት ሥጋ ለስለስ ብሎ ከነካው አውታሩ ዝም ይላል።

አሁን አንድ ሙከራ እናድርግ። ይህን የምታነቡ ሁሉ መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ ወይም እዚሁ ግድግዳው ላይ ዘርጉ። የመሐል ጣታችሁን ወደ ውስጥ እጠፉት። ከዚያ የቀሩትን ጣቶች አንድ በአንድ አንሡ። አውራ ጣት ይነሳል፤ ሌባ ጣት ይነሳል፤ ትንሿም ትነሳለች። የቀለበት ጣት ግን ወይ ፍንክች! ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ጣቶችን ወደ ላይ የሚያነሱት ጅማቶች በእጅ ጀርባ ላይ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ የመሐል ጣት ሲታጠፍ የቀለበት ጣትን ጅማት ይዞት ይቀራል። ክራር የሚመታ ሰው ግን ይህን ጣት ለብቻው እንዲታዘዘው ማድረግ አለበት። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም። በዝግታ፣ በትክክል፣ ደጋግሞ በመሥራት ይመጣል።

እዚህ ላይ «በትክክል» የሚለው ቃል ይሰመርበት። እጅ ትክክሉንና ስህተቱን ለይቶ አይመዘግብም። በተደጋጋሚ የተሠራበትን ይይዛል። ስህተቱን 420 ጊዜ ከሠራንበት ስህተቱን አጥብቆ ይይዛል፤ በኋላ ያንን ማስለቀቅ ከመጀመሪያው ከመማር ይበልጥ ያስቸግራል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትምህርት አልገባ ብሎት ተማርሮ ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ሞክራ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ስትወጣ አየ። ብዙ ጊዜ ታሪኩን እዚያ ላይ አቁመን «ደጋግማችሁ ሞክሩ» እንላለን። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። ያሬድ ትሏን ካየ በኋላ ዛፉ ሥር ብቻውን አልቀረም፤ ተነስቶ ወደ መምህሩ ወደ ጌዴዎን ተመለሰ። ትሏ ትጋትን አሳየችው፤ ትምህርቱን ያገኘው ግን ከመምህሩ ዘንድ ነው።

3. ስለ ሰዓት ብዛት

«ስንት ሰዓት ልለማመድ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። በዚህ ላይ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት አለ። አንደርስ ኤሪክሰን የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በበርሊን ከተማ የሙዚቃ አካዳሚ ቫዮሊን የሚማሩ ወጣቶችን አጥንተው ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 አወጡ። ተማሪዎቹ 18 ዓመት እስኪሞላቸው ብቻቸውን የተለማመዱበት ሰዓት ሲደመር፣ ምርጥ የተባሉት በአማካይ 7,410 ሰዓት፣ ጥሩ የተባሉት 5,301 ሰዓት፣ የሙዚቃ አስተማሪ ለመሆን የሚማሩት ደግሞ 3,420 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ እኛ ከየትኛው ወገን እንደሆንን መናገር አያስፈልገኝም!

ዳሩ ግን ከዚህ ጥናት ብዙ ሰው የያዘው ቁጥሩን ብቻ ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሰዓት ብዛት ብቻውን በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ እንደማያስረዳ አሳይተዋል። ኤሪክሰንም ራሳቸው ያሉት ዝም ብሎ መጫወትን አይደለም። ልምምድ የሚባለው አንድ የተለየ ጉድለት ተመርጦ፣ ያንን ለማቃናት ታስቦ፣ ውጤቱ እየታየ የሚሠራ ሥራ ነው። ደግሞም ምርጦቹ ሳያቋርጡ ሌትና ቀን አይመቱም፤ ልምምዱን ከፋፍለው በመካከሉ ያርፋሉ። እሑድ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የሚሻለውም ለዚህ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

4. የግማሽ ሰዓት ልምምድ አሠራር

ከዚህ በታች ያለው አከፋፈል ለጀማሪ የሚሆን ነው። እንደየሰዉ ማሻሻል ይቻላል።

ሀ. ቅኝት፣ 5 ደቂቃ። አውታሮቹን አንድ በአንድ መትቶ ማዳመጥ። የረገበውን መወጠር፣ የተወጠረውን ማላላት። ቅኝቱን ለጓደኛ አሰምቶ ማረጋገጥ ጥሩ ነው።

ለ. አቀማመጥና ጣት ማፍታታት፣ 5 ደቂቃ። ወገብ ቀጥ፣ ትከሻ ዝቅ ይበል። ክራሩ ሰውነት ላይ ይደገፍ እንጂ በግራ እጅ አይያዝ፤ የሚሸከም እጅ ጣቶቹን እንደልብ ማንቀሳቀስ አይችልም። ሁሉንም አውታር አፍኖ አንድ ጣት ብቻ ማንሳት፣ መምታት፣ መመለስ። ከዚያ ቀጣዩን።

ሐ. የሚያስቸግረው ቦታ፣ 10 ደቂቃ። የልምምዱ እምብርት ይህ ነው። ዜማውን ከመጀመሪያው አትጀምሩ! የተደናቀፋችሁበትን ቦታ ብቻ፣ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ፣ ነጥላችሁ አውጡ። ስህተት ለመሥራት እስከማይቻል ድረስ በዝግታ ምቱት። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ልክ ከመጣ ከፊቱ አንድ ድምፅ ጨምሩ፤ ቀጥሎ ከኋላው ጨምሩ። አምስት ሳይሞላ ከተሳሳታችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ከአንድ ቁጠሩ።

መ. ሙሉ ዜማ፣ 7 ደቂቃ። አሁን ሳታቆሙ ከዳር እስከ ዳር ተጫወቱ። ብትሳሳቱም እለፉ። ጓደኛ አጠገብ ካለ ምቱን ያጨብጭብላችሁ፤ ሰው በቀለለው ቦታ ይሮጣል፣ በከበደው ቦታ ይጎተታል፣ ራሱም አያውቀውም።

ሠ. ማስታወሻ፣ 3 ደቂቃ። ደብተር ላይ ሁለት መስመር መጻፍ፤ «ዛሬ የተቃናው ይህ ነው፣ ነገ የምጀምረው ከዚህ ነው» ብሎ። ይህን ያልጻፈ ሰው ነገም ከሀ ይጀምራል።

5. የራስን ስህተት መስማት ለምን ያስቸግራል?

ክራር የሚመታ ሰው ጆሮ እያለው ስህተቱን እንዴት አይሰማም? ምክንያቱ ቀላል ነው። በሚጫወትበት ጊዜ ሐሳቡ ለጣቱ፣ ለምቱና ለሚቀጥለው ድምፅ ተከፋፍሏል፤ ለማዳመጥ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የሚሰማው የመጣውን ድምፅ ሳይሆን እንዲመጣ የፈለገውን ነው። የራሳችንን ጽሑፍ ስናነብ የጎደለውን ፊደል እንደምናልፈው ማለት ነው።

ዛሬ ለዚህ አንድ መፍትሔ በእጃችን አለ። የእጅ ስልክ ድምፅ ይቀዳል። አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ ክራሩን አስቀምጡና አዳምጡ። መጀመሪያ ቀን «ይህ እኔ ነኝ?» ትላላችሁ። ይህ መልካም ምልክት ነው። በተጨማሪም የታወቁትን ክራር መቺዎች፣ የካሳ ተሰማን፣ የሜሪ አርምዴን፣ በ2004 ዓ.ም. መባቻ ያረፉትንና በቴአትር ተዋናይነታቸውም የሚታወቁትን የአስናቀች ወርቁን ቅጂዎች አዳምጡ። ስታዳምጡ ዘፈኑን ብቻ አትከተሉ፤ በአንድ ድምፅና በሌላው መካከል ያለውን ጸጥታ ስሙ። የታፈነው አውታር በእርግጥ ዝም ማለቱን ልብ በሉ።

ይሁንና ቅጂ ስህተት መኖሩን ይነግረናል እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግረንም። ለዚህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ከጎን ተቀምጦ እጁን የሚያይ፣ ድምፁን የሚሰማ። ዓለሙ አጋ የበገና ትምህርት የጀመረው በ12 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ያስጀመረውም ታላቁ በገና ደርዳሪ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እንጦጦ ላይ ጎረቤት ሆነው መምጣታቸው ነው። በኋላ ራሱ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማረ። ጎረቤትነት አንድን መሣሪያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊያሻግር ከቻለ፣ በአንድ መኝታ ቤት የምንኖር ሰዎች አንዳችን የሌላውን እጅ ሳናይ መክረማችን ያስቆጫል።

6. እርማት እንዴት ይሰጣል?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የሙዚቃ ክበብ እመራ ነበር። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከዘይት ቆርቆሮ ራሱ የሠራውን ክራር ይዞ መጣ። ክፍሉ ፊት ቆሞ እናቱ የምታዜመውን የኦሮምኛ ዜማ መታ። ድምፁ አላማረኝም። እኔም «ይሄ ክራር ነው ወይስ የጣሪያ ቆርቆሮ?» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጁም ፈገግ አለ፤ የተቀየመ አልመሰለኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክበቡ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መንገድ ላይ አገኘሁትና «ክራርህስ?» አልኩት። «ቲቸር፣ አውታሩን ፈትቼዋለሁ። ቆርቆሮውን እናቴ በቆሎ ትሰፍርበታለች» አለኝ። ምንም ቅሬታ በፊቱ አልነበረም። እኔን የሚቆጨኝ ደግሞ ይኸው ነው፤ ልጁ ነገሩን እንደ እውነት ተቀብሎታል። መምህሩ ቆርቆሮ ነው አለ፤ እሱም ቆርቆሮ አደረገው።

ዛሬ ያንን ዜማ በሐሳቤ መልሼ ሳዳምጠው የልጁ ምት የተስተካከለ ነበር። የረገበው ሁለተኛው አውታር ብቻ ነበር። ያንን አውታር ወጥሮ «አሁን ድገመው» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ከዚህ በመነሳት እርማት ለሚሰጥ ሰው የሚከተሉትን አስቀምጣለሁ።

1ኛ፣ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አዳምጥ። በየመሐሉ የሚቋረጥ ተማሪ ከመጫወት ይልቅ አስተማሪውን መጠበቅ ይጀምራል።

2ኛ፣ ከመናገርህ በፊት ጠይቅ። «አንተ ምን ሰማህ?» በለው። ስህተቱን ራሱ ካገኘው የአንተ ሥራ ግማሹ አለቀ።

3ኛ፣ ልክ የሆነውን በስሙ ጥራ። «ጎበዝ» ማለት ብቻ ትምህርት አይደለም። «ምቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተዛነፈም» ማለት ግን ተማሪው ነገም እንዲጠብቀው ያደርጋል።

4ኛ፣ አንድ ስህተት ምረጥ። አምስት ስህተት ባንድ ጊዜ የተነገረው ተማሪ አንዱንም አያቃናም። ሌሎቹን የሚያመጣውን ዋናውን ለይ።

5ኛ፣ ስለ ሥራው ተናገር እንጂ ስለ ሰውዬው አትናገር። «እጅህ የእንጨት ነው» ቢባል ተማሪው ምን ያድርግ? እጁን ይቀይር? «የቀለበት ጣትህ ቀድሞ ይነሳል፤ አንድ ምት አቆየው» ቢባል ግን የሚሠራው አለው።

6ኛ፣ አሳይና እዚያው አሠራው። ሳይሞከር የተለያዩበት እርማት በር ላይ ይቀራል።

7ኛ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተከታተል። «ያ ጣት እንዴት ሆነ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ተማሪው መምህሩ እንዳልረሳው ትነግረዋለች።

7. እርማት እንዴት ይወሰዳል?

እርማት መቀበልም እንደ መስጠቱ ትምህርት ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ገና ስህተታችን ሲነገረን «ክራሩ ስላልተመቸኝ ነው»፣ «ትላንት ልክ ነበር» እንላለን። ምናልባት እውነት ይሆናል። ግን ምክንያት ስንደረድር ጆሯችን ይዘጋል። መጀመሪያ የተባለውን በራሳችን አነጋገር መልሰን እንናገር፤ «ቀለበት ጣቴ ይቸኩላል ማለትህ ነው?» እንበል። ከዚያ እዚያው እንሞክረው። ካልገባን እንደገና እንጠይቅ። መጨረሻ ላይ ደብተራችን ላይ እንጻፈው።

ስንጠይቅም ጥያቄያችን የጠበበ ይሁን። «እንዴት ነው?» ብለን ከጠየቅን «ጥሩ ነው» የሚል መልስ እናገኛለን፤ ጓደኛ ማስቀየም የሚፈልግ ማን አለ? «ሦስተኛው ሐረግ ላይ ሁለት አውታር ይጮኻል ወይስ አንድ?» ብለን ብንጠይቅ ግን ጓደኛችን ክራር ባይችልም እንኳ ሊመልስልን ይችላል። አውቆ ከሚዋሸን አዋቂ የሰማውን የሚነግረን ጀማሪ ይጠቅመናል።

ማጠቃለያ

ወደዚያ የማታ ክራር መቺ ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በሩን አንኳኩቼ ገባሁና ልስማህ አልኩት። አፍሮ ክራሩን ሊያስቀምጥ ነበር። «ግዴለህም፣ ምታው» አልኩት። መታ፤ አራተኛው ሐረግ ላይ ተደናቀፈ። «ምን ሰማህ?» አልኩት። «ያምታታኛል» አለ። «እንዴት?» ስለው ዝም አለ። እንደገና በጣም በዝግታ እንዲመታው አደረግሁ። ያን ጊዜ ሁለታችንም አየነው፤ ከሶል ወደ ላ ሲሄድ ሶል ላይ ያለው ጣት ሳይመለስ ትንሿ ጣት ትነሳለች፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ይጮኻሉ፤ እሱም ደንግጦ ያቆማል። ሁለቱን ድምፆች ብቻ ነጥሎ አሥር ደቂቃ ያህል ሠራቸው። ያን ማታ ሙሉ ዜማውን አልተጫወተም።

በአራተኛው ቀን በመስኮቱ ሳልፍ አራተኛውን ሐረግ ሲያልፈው ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ስድስተኛው ላይ ተደናቀፈ። ግን ከሀ አልጀመረም። ቆሞ የተደናቀፈበትን ቦታ ብቻ በዝግታ መምታት ጀመረ። እኔም በሩን ሳላንኳኳ አለፍኩ።

ከሰሞኑ ደግሞ ያው ሠልጣኝ አንድ አዲስ ገቢ አጠገቡ አስቀምጦ «አንተ ምን ሰማህ?» ሲለው አገኘሁት። ከዜማው ይልቅ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ከዚህ ወጥተን ወደ ጌዶም ሆነ ወደ ኢጃጂ፣ ወደ ጉደርም ሆነ ወደ ገጠሩ ስንመደብ ክራር ይዘን ላንሄድ እንችላለን። አነጋገራችንን ግን ይዘን እንሄዳለን። እዚህ እርስ በርሳችን የተራረምንበት መንገድ ነገ ልጆቹን የምናርምበት መንገድ ይሆናል። በአንዲት ቃል የተፈታ አውታር አለ፤ በአንዲት ቃል የተቃናም አለ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «መደጋገም ብቻውን አያሠለጥንም» ሲባል ምን ማለት ነው? ከክራር ውጭ ከምታስተምሩት ትምህርት አንድ ምሳሌ ስጡ።
2. ከቆርቆሮው ክራር ልጅ ታሪክ በመነሳት መምህሩ ሊላቸው ይገባ የነበሩ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።
3. የሚከተሉትን እርማቶች ተማሪው ሊሠራባቸው በሚችል መንገድ ለውጡ፦ ሀ. «ጽሕፈትህ የዶሮ እግር ነው።» ለ. «ሒሳብ አይገባሽም።» ሐ. «ጎበዝ፣ ቀጥል።»
4. በዚህ ሳምንት ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ከሚለማመድ አንድ ጓደኛችሁ አጠገብ ለአሥር ደቂቃ ተቀመጡ። አንድ ልክ የሆነ ነገርና አንድ ስህተት ብቻ ንገሩት። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ የሰማችሁትን ጻፉና እዚሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።